አውሮፕላን ወደ በረራ ከፍታው የሚወጣው በማን ፈቃድ ነው?

ከቦሌ ዓለም አቀፍ አውሮፕላን ማረፊያ ተነሥቶ ወደ መቐለ የሚያቀና አውሮፕላን 500 ኪሎ ሜትር ያህል ይጓዛል። በሁለቱ ከተሞች መካከል ቀጥታ መስመር ቢሰመር ከቆቦና ከዋጃ ጥቂት በስተምዕራብ፣ የራያን ሜዳ ከሚያዋስኑት ተራሮች በላይ ያልፋል። ከሜዳው ቀና ብሎ ለሚመለከት ሰው አውሮፕላኑ እንደ ልቡ የሚበር ሊመስል ይችላል፤ ነገር ግን እዚያ ከፍታ የደረሰው ደረጃ በደረጃ በተሰጠው ፈቃድ ነው።

የመጀመሪያው መሠረት መደበኛ የመነሻ በረራ ሥርዓት ነው። ይህ ሥርዓት አውሮፕላኑ ከማኮብኮቢያው ከለቀቀ በኋላ የት እንደሚታጠፍ፣ በየትኛው ነጥብ ላይ ከየትኛው ከፍታ በታች ወይም በላይ መሆን እንዳለበት አስቀድሞ ታትሞ የሚወስን ነው። በዓለም አቀፉ መለኪያ መሠረት፣ ሌላ ካልተገለጸ በቀር፣ አውሮፕላኑ በአንድ ኪሎ ሜትር ጉዞ ቢያንስ 33 ሜትር መውጣት ይኖርበታል። ቦሌ ከባሕር ወለል በላይ 2,334 ሜትር ላይ የሚገኝ በመሆኑ፣ በስተሰሜኑም እንጦጦ ከ3,000 ሜትር በላይ ስለሚቆም፣ በአገራችን ይህ ቁጥር ቀላል ግምት የሚሰጠው አይደለም። በስስ አየር ሞተርም ክንፍም አቅማቸው ይቀንሳል። ከአላማጣ በግራ ካሕሱ ጠመዝማዛ ወደ ኮረም ጭነት ይዞ የወጣ አሽከርካሪ ነገሩን ሳይነገረው ይረዳዋል።

ሁለተኛው የተቆጣጣሪው ፈቃድ ነው። ተቆጣጣሪው ከፍታውን በሬዲዮ ይናገራል፤ አብራሪው ቃሉን መልሶ ይደግማል፤ ተቆጣጣሪው የተደገመውን አዳምጦ ስሕተት ካለ ወዲያውኑ ያርማል። መድገሙ ለይስሙላ አይደለም። በእንግሊዝኛ «ወደ» የሚለው ቃልና «ሁለት» የሚለው ቁጥር በድምፅ ስለሚመሳሰሉ ብቻ ከፍታ ሊሳሳት ይችላል።

እዚህ ላይ አንድ ጥያቄ ለረጅም ጊዜ ሲያከራክር ቆይቷል። ተቆጣጣሪው ከፍ ያለ ደረጃ ሲፈቅድ፣ በመነሻ ሥርዓቱ የታተሙት ገደቦች ይነሣሉ ወይስ ይጸናሉ? አገሮች የተለያየ አሠራር ይከተሉ ስለነበር ዓለም አቀፉ የሲቪል አቪዬሽን ድርጅት ከኅዳር 1 ቀን 2009 ዓ.ም. ጀምሮ አንድ ወጥ አነጋገር ደንግጓል፦ ተቆጣጣሪው በግልጽ ካልሰረዛቸው በቀር ገደቦቹ ይጸናሉ። ዝምታ እንደ ፈቃድ አይቆጠርም።

ጥንቃቄው የሚጠብቀው ልዩነት ብዙውን ጊዜ 1,000 ጫማ፣ ማለትም 300 ሜትር ያህል ነው። በአፍሪካ የአየር ክልል ይህ ልዩነት ከ29,000 እስከ 41,000 ጫማ ባለው ከፍታም የሚሠራው ከመስከረም 15 ቀን 2001 ዓ.ም. ወዲህ ነው። ኅዳር 3 ቀን 1989 ዓ.ም. በሕንድ ቻርኪ ዳድሪ አቅራቢያ፣ ከዴልሂ የተነሣ የሳዑዲ አውሮፕላን በተፈቀደለት 14,000 ጫማ ላይ ሳለ፣ 15,000 ጫማ ላይ መቆየት የነበረበት የካዛኪስታን አውሮፕላን ከዚያ ወርዶ ተጋጨው። 349 ሰዎች ሕይወታቸውን አጡ። የዴልሂ ራዳር በወቅቱ የአውሮፕላኖቹን ከፍታ ለተቆጣጣሪው አያሳይም ነበር።

በመሆኑም ተሳፋሪዎች አውሮፕላኑ ከተነሣ ከጥቂት ደቂቃዎች በኋላ የሞተሩ ድምፅ ቀንሶ ሽቅብ መውጣቱ ቢገታ፣ አብዛኛውን ጊዜ ብልሽት አለመሆኑን እንዲገነዘቡ ይገባል። በላዩ ወይም በአጠገቡ ሌላ በረራ እያለፈ ስለሆነ ቀጣዩን ፈቃድ እየጠበቀ ሊሆን ይችላል።