ፍጻሜው የታወቀ ትርኢት ለምን ይደገማል?

ከሩቅ ምሥራቅ አገሮች፥ ይልቁንም ከኮርያ፥ የሚመጡትን ተከታታይ የፍቅር ድራማዎች የሚወድ ሰው በየቤቱ ሁለት ነቀፋ አያጣም። አንደኛው «ይህን ያህል ሰዓት ለዚህ ይባክናልን?» የሚለው ነው። ለዚህ መልሱ ቀላል ነው፤ የቤቱ ሥራ ከተፈጸመ፥ ልጆችም ትምህርታቸውን ካጠኑ በኋላ፥ በምሽት አንድ ክፍል ማየት ጎረቤት ከማማት ይሻላል። ሁለተኛው ነቀፋ ግን ረቀቅ ያለ ነው፤ «ማን ማንን እንዳገባ ካወቃችሁ በኋላ ያንኑ እንደ ገና ከመጀመሪያው ማየት ምን ይረባል?» ይላል። እኔ አንዳንዱን ድራማ ሁለት ጊዜ፥ አንዱንም አራት ጊዜ አይቼዋለሁና፥ መልስ መስጠት የሚገባኝ ለዚህኛው ነው። የምጠቅሳቸውም ዓመታት ሁሉ በአውሮፓውያን አቈጣጠር መሆናቸውን አንባቢ ይወቅልኝ።

አስቀድሞ ስለ አሠራራቸው ጥቂት ልናገር። የኮርያ የፍቅር ድራማ ከዓመት ወደ ዓመት እየተጎተተ የሚሄድ አይደለም። ብዙውን ጊዜ በዐሥራ ስድስት ወይም በሃያ ክፍል ያልቃል፤ እያንዳንዱ ክፍል አንድ ሰዓት ያህል ወይም ጥቂት የሚበልጥ ነው፤ በቴሌቪዥን ሲተላለፍም በሳምንት ሁለት ቀን እየታየ በሁለት ወር ወይም በሁለት ወር ተኩል ይፈጸማል። ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ የሚጽፈውም አብዛኛውን ጊዜ አንድ ደራሲ ነው፤ ከደራሲዎቹም ብዙዎቹ ሴቶች ናቸው። እንግዲህ ጅማሬና ፍጻሜ ያለው ነገር ስለ ሆነ እንደ መጽሐፍ ተመልሶ ሊገለጥ ይችላል። ማለቂያ የሌለውንማ ማን ይደግመዋል?

አሁን «ሪፕላይ 1988» የተባለውን ድራማ እንመልከት። አራት ጊዜ ያየሁት ይህንን ነው። ከ2015 መጨረሻ እስከ 2016 መጀመሪያ ቲቪኤን በሚባለው ጣቢያ የታየ ሲሆን ደራሲዋ ሊ ዉ ጆንግ፥ አዘጋጁም ሺን ዎን ሆ ናቸው። ታሪኩ የሚፈጸመው በሴኡል ከተማ፥ ሳንግሙን ዶንግ በሚባለው ሰፈር፥ በአንዲት ጠባብ መንገድ ግራና ቀኝ በሚኖሩ አምስት ቤተ ሰቦች መካከል ነው። ዶክሰን የተባለችው ልጅ ካደገች በኋላ ከባሏ ጋር ተቀምጣ የልጅነቷን ዘመን ታወራለች፤ ነገር ግን ያ ባል ከጎረቤት ልጆች የትኛው እንደ ሆነ ደራሲዋ እስከ መጨረሻው ትሰውረዋለች። መጀመሪያ ያየሁት ጊዜ ከባሉ በቀር ሌላ ነገር አልታየኝም ነበር። ጆንግ ኋን የሚባለው ልበ ዝግ ልጅ ይሆን? ወይስ ባዱክ የሚባለውን የነጭና የጥቁር ጠጠር ጨዋታ የሚጫወተው ዝምተኛው ቴክ? በየክፍሉ ምልክት ስፈልግ፥ የልብሱን ቀለም ሳይቀር ስመረምር ሃያው ክፍል አለቀ። ባሏ ቴክ ሆነ።

ሁለተኛ ስጀምረው ግን ያ ጥያቄ ከፊቴ ስለ ተነሣልኝ ወላጆቹን ማየት ጀመርሁ። በመጀመሪያው ክፍል እናቶቹ እራት ሲያቀርቡ ከሠሩት ወጥ እየቀነሱ ለጎረቤት ይልካሉ። ልጆቹ ሳህን ይዘው ከቤት ወደ ቤት ይመላለሳሉ፤ የላከው ቤት ባዶ ሳህን አይመለስለትም፤ በመጨረሻም የአምስቱም ቤት ገበታ ከአምስቱም ቤት በመጣ ምግብ ይሞላል። በመጀመሪያው ጊዜ ይህ የሚያስቅ ጨዋታ መስሎኝ አልፌው ነበር። በሁለተኛው ግን የድራማው መሠረት ይኸው እንደ ሆነ ተረዳሁ፤ ኋላ የሚጋቡት ልጆች አስቀድመው ከአንድ ማዕድ የበሉ ናቸውና።

በዚያው ክፍል ዶክሰን ታለቅሳለች። እርስዋ መካከለኛ ልጅ ናት፤ የተጠበሰው እንቍላል ሁለት ብቻ ሲሆን አንዱ ለታላቅ እኅቷ ለቦራ፥ አንዱም ለትንሽ ወንድሟ ይደርሳል። የልደት በዓሏም ከቦራ ልደት ጋር ስለሚቀራረብ በየዓመቱ በእኅቷ ኬክ ላይ አብራ ይከበርላታል። በዚያ ምሽት ግን ትዕግሥቷ ያልቃል። ኋላ አባቷ በመንገዱ ላይ አንዲት ትንሽ ኬክ ይዘው ይጠብቋታል፤ ይቅርታም ይጠይቋታል፤ አባትነትን ከማኅፀን ይዘውት እንዳልመጡ፥ እየተማሩት እንደ ሆኑ ይነግሯታል። ሦስት ልጆች ያሉት ሰው ይህን አይቶ የመካከለኛውን ልጁን ፊት ሳያስታውስ የሚቀር አይመስለኝም። እኔ በማግሥቱ በገበታዬ ላይ እንቍላሉን ቈጥሬ ነው ያቀረብሁት።

ዶክሰን በ1988 በሴኡል ኦሎምፒክ መክፈቻ የማዳጋስካርን ስም የተጻፈበትን ሰሌዳ ይዛ ለመሰለፍ ብዙ ወራት ተለማምዳ ነበር፤ ማዳጋስካር ግን በመጨረሻ ሰዓት ስለ ቀረች ልፋቷ ከንቱ ሊሆን ሲል የዩጋንዳን ሰሌዳ ለመያዝ ዕድል አገኘች። የማዳጋስካር መቅረት እውነተኛ ታሪክ ነው። ለእኛም እንግዳ ነገር አይደለም፤ የዚያን ዘመን የኢትዮጵያ መንግሥትም ሰሜን ኮርያን ደግፎ ከዚሁ ኦሎምፒክ ስለ ቀረ የእኛም ሯጮች አገራቸው ተቀምጠዋል። ስለዚህ የልጅቱን ዕንባ ስናይ ከሌላው አገር ተመልካች ይልቅ እኛ የምናስበው አንድ ነገር አለን።

በዚህ ድራማ ውስጥ ሌላም ለእኛ ቤት የሚቀርብ ነገር አለ። ቦራና የጎረቤት ልጅ የሆነው ሱን ዉ ይፋቀራሉ፤ ነገር ግን ሁለቱም የአንድ ጎሣ ስም ያላቸው ናቸው። በኮርያ ልማድ፥ በሕጋቸውም ጭምር፥ የአንድ አባት ዘር ናቸው የሚባሉ ሰዎች እንዳይጋቡ ክልክል ነበር፤ የአገሪቱ የሕገ መንግሥት ፍርድ ቤት ይህን ሕግ የሻረው በ1997 ነው። የሱን ዉ እናት ለምን እንደሚጨነቁ ለሌላው አገር ተመልካች ብዙ ማስረዳት ያስፈልግ ይሆናል። ሰባት ቤት እየቈጠረ ለሚያጋባ ሕዝብ ግን ነገሩ ገና ሲነገር ይገባዋል።

ከዚህ ቀጥሎ ስለ «ዊንተር ሶናታ» ሳላነሣ ማለፍ አይገባኝም፤ ድራማን መድገም በአገር ደረጃ የታየው በእርሱ ነውና። ይህ በ2002 በኬቢኤስ የታየ ባለ ሃያ ክፍል ድራማ ነው፤ ተዋንያኑም ቤ ዮንግ ጁንና ቼ ጂ ዉ ናቸው። የጃፓን ብሔራዊ ጣቢያ ኤንኤችኬ በ2003 በሳተላይት መሥመሩ አሳየው። ተመልካቹ «ድገሙልን» ቢል በዚያው ዓመት ደገመው፤ በ2004 ለሕዝቡ ሁሉ በሚተላለፈው መሥመር አሳየው፤ በዚያው ዓመት መጨረሻ ደግሞ ሳይቈረጥ በኮርያ ቋንቋ እንዳለ አቀረበው። በሁለት ዓመት ውስጥ አራት ጊዜ መሆኑ ነው። ከሁሉ ይልቅ የወደዱትም ልጃገረዶች ሳይሆኑ ልጆቻቸውን ያሳደጉ፥ ዕድሜያቸው ከአርባ ያለፈ እመቤቶች ነበሩ። ተዋናዩ በ2004 ጃፓንን ሲጐበኝ በሺህ የሚቈጠሩ ሴቶች በአውሮፕላን ማረፊያው ተሰልፈው ተቀበሉት፤ ጋዜጦችም ብዙ ሣቁባቸው።

እኔ አልሥቅባቸውም። ይሁን እንጂ ድራማውን ሁለተኛ ስናየው ጉድለቱ አይሸሸግም። ወጣቱ በአዲስ ዓመት ዋዜማ ልጅቱን ለማግኘት ሲሄድ መኪና ይገጨዋል፤ ከዐሥር ዓመት በኋላ የቀድሞ ሕይወቱን ሁሉ ረስቶ በሌላ ስም ይመጣል፤ እንደ ገና መኪና ይገጨዋል፤ አባቱ ማን እንደ ሆነም የሚያስጨንቅ ምሥጢር አለ። ይህ ሁሉ ለመጀመሪያ ጊዜ ልብ ሰቅሎ ይይዛል፤ ሲደገም ግን ክሩ የታየ ስፌት ይሆናል። የማይሰለቸው ሌላ ነው፤ ሁለቱ ሰዎች በበረዶ ላይ ሳይነጋገሩ የሚሄዱበት ረጅም ጊዜ፥ እርስዋም ከሌላ ሰው ጋር ታጭታ ሳለ ቃሏን እንዳታፈርስ የምትጨነቀው ጭንቀት። ሃያ ዓመት ያገለገለች የቤት እመቤት ታሪኩን የደገመችው መኪናው ማንን እንደሚገጭ ለማወቅ አልነበረም። ማንም ሳያቻኩለው የሚጠብቅ ሰው ማየት ናፍቋት ነው ብዬ አስባለሁ።

የዚህ ድራማ ወጣቶች የተማሩባት ከተማ ቹንቾን ትባላለች። ድራማውን የወደዱ ጎብኝዎችም በዚያው አጠገብ ናሚ በምትባል ደሴት ረጃጅም ዛፎች የተሰለፉበትን መንገድ ሊያዩ ይሄዳሉ። በዚያች ከተማ ግን ከድራማው እጅግ የሚቀድም የእኛ ነገር አለ፤ ይኸውም በኮርያ ጦርነት ለተሠዉት ለቃኘው ሻለቃ ወታደሮች መታሰቢያ የቆመው ሐውልት ነው። በ1968 ሲመረቅ ግርማዊ ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ተገኝተዋል፤ በ2007ም አጠገቡ የመታሰቢያ አዳራሽ ተከፍቷል። ለድራማው ብሎ ቹንቾን የሚደርስ ኢትዮጵያዊ ቢኖር አስቀድሞ ወደዚያ ቢሄድ ይገባዋል።

ጨርሶ የማልደግመው ድራማም አለ። የጃፓኗ ሠዓሊ ዮኮ ካሚዮ በ1992 በሥዕል ታሪክ መልክ የጀመረችው የአንዲት ድኻ ልጅና የአራት ባለጠጋ ወጣቶች ታሪክ በ2001 በታይዋን፥ በ2005 በጃፓን፥ በ2009 በኮርያ፥ በ2018 በቻይና ድራማ ሆኖ ተሠርቷል። አራት አገር አንዱን ታሪክ መድገሙ ያስደንቃል። ነገር ግን ጎበዝ ተብሎ የቀረበው ወጣት ልጅቱን አስቀድሞ የሚያውቃት በማስጨነቅ ነው፤ በእርሱ ትእዛዝ ተማሪው ሁሉ ይነሣባታል፤ ኋላም «ይወዳታል» ተብሎ በደሉ ሁሉ ይረሳል። በሌሎችም ድራማዎች ወንዱ ሴቲቱን ከሰው መካከል በእጅ አንጓዋ ጎትቶ ሲወስዳት ከበስተ ኋላ ጣፋጭ ዜማ ያሰሙልናል። ዜማው የሚያታልለው መጀመሪያ ጊዜ ነው። ሁለተኛ ስታዩት ድምፁን ዝጉትና እዩት፤ የምታዩት አንዲት ሴት ያለ ፈቃዷ ስትጎተት ነው። ልጃገረድ ያላቸው ወላጆች ከልጃቸው ጋር ተቀምጠው ቢያዩት ቴሌቪዥኑን ከመዝጋት የሚሻል ይመስለኛል፤ «እንዲህ ያለውን ሰው ሽማግሌ ቢልክ ትቀበይዋለሽን?» ብሎ ለመጠየቅ ጥሩ አጋጣሚ ነውና።

ከ2019 እስከ 2020 የታየው «ክራሽ ላንዲንግ ኦን ዩ» ደግሞ በመካከል የሚቆም ነው። ደራሲዋ ፓክ ጂ ኡን ናት። የደቡብ ኮርያ ባለጠጋ ሴት በአየር ላይ ስትንሳፈፍ ዐውሎ ነፋስ ወስዶ ከድንበሩ ወዲያ ይጥላታል፤ አንድ የሰሜን መኰንንም ሸሽጎ ያኖራታል። ሁለቱ ተዋንያን ሂዩን ቢንና ሶን ዬ ጂን በ2022 በእውነትም ተጋብተዋል። የመኰንኑ ደግነት ሲበዛ እውነት አይመስልም፤ አንድ ነገሩ ግን ልብ ይነካል። እንግዳይቱ ቡና ናፈቀኝ ብትል ጥሬ ቡና ፈልጎ ያመጣል፤ በብረት ድስት ይቈላል፤ ይወቅጣል፤ አፍልቶም ያቀርብላታል። ሌላው ዓለም በዚህ ሲደነቅ እኛ «ጀበናው የት አለ?» ብለናል። ሲደገም ግን ከመኰንኑ ይልቅ ደምቀው የሚታዩት የመንደሩ ሴቶች ናቸው፤ ኪምቺ በኅብረት ሲያዘጋጁ፥ አንዷ ስትቸገር ሌሎቹ ሲሯሯጡላት። በድራማው በታየች ኢዘልትቫልድ በምትባል የስዊስ መንደር፥ መኰንኑ ፒያኖ የመታባትን በሐይቅ ላይ ያለች ትንሽ የእንጨት መድረክ ለማየት የሚመጣው ሰው ስለ በዛ፥ የመንደሩ ሹማምንት ከ2023 ጀምሮ አምስት ፍራንክ ማስከፈል ጀምረዋል። እኔ ግን ለእነዚያ ሴቶች ጓዳ ብከፍል እመርጣለሁ።

በመጨረሻ የቀረው ከሁሉ የሚከብደው ነገር ነው። የማውቃቸው ወጣት ሚስቶች «ባሌ እንዲህ ያለ ቃል አንድ ቀን እንኳ ተናግሮኝ አያውቅም» ሲሉ እሰማለሁ። ባለቤቴም አንድ ምሽት አጠገቤ ተቀምጠው ሲያዩ «ይህ ሰው ሥራ የለውምን?» ብለው ጠይቀዋል። ጥያቄያቸው ሐሰት አይደለም። አብዛኛው ድራማ በሠርግ ዋዜማ ስለሚያልቅ ጀግናው የቤት ኪራይ ከፍሎ፥ የታመመ ልጅ ይዞ ሲያድር አናይም። ባልን ከእንዲህ ያለ ሰው ጋር ማስተያየት ግፍ ነው። ነገር ግን መድገም እዚህ ላይ ይረዳል፤ ቃሉ ሲደጋገም ይደበዝዛል፥ ሥራው ግን እየጎላ ይሄዳልና። የቴክን አንድም የፍቅር ንግግር አላስታውስም፤ ውድድሩን ጥሎ ወደ ዶክሰን መምጣቱን ግን አስታውሳለሁ። ጆንግ ኋንም የዘገየው ፍቅር ጎድሎት ሳይሆን ማመንታት በዝቶበት ነው።

ይህን ለማየት በ2025 የወጣውን «ዌን ላይፍ ጊቭስ ዩ ታንጀሪንስ» የተባለውን እመክራለሁ። ደራሲዋ ሊም ሳንግ ቹን ስትባል ዐሥራ ስድስት ክፍል አለው። በጄጁ ደሴት የተወለደች ኤ ሱን የምትባል ልጅ አለች፤ እናቷ ባሕር ጠልቀው የባሕር ምግብ የሚያወጡ ሴት ሲሆኑ ገና በሃያ ዘጠኝ ዓመታቸው ይሞታሉ። ኤ ሱን ባለቅኔ ለመሆን ስትመኝ ዓሣ አጥማጁን ጓን ሺክን ታገባለች። ሠርጉ የታሪኩ መጨረሻ አይደለም፤ ድህነቱ፥ የልጅ ሞቱ፥ የሴት ልጃቸው ትምህርት፥ የባልየው ሕመም ሁሉ ከዚያ በኋላ ይመጣል። እኔ እስካሁን ሁለት ጊዜ አይቼዋለሁ።

በሁለተኛው ጊዜ ያቆምሁት በአንዲት አጭር ትርኢት ላይ ነው። በባልየው ወላጆች ቤት ወንዶቹ በትልቁ ገበታ ይበላሉ፤ ሴቶቹ ግን ከኋላ በትንሽ ገበታ የተረፈውን ይቀማምሳሉ። ኤ ሱን ከሴቶቹ ጋር ተቀምጣለች። ጓን ሺክ ምንም አይናገርም፤ ከማንም ጋር አይከራከርም። ሳህኑን አንሥቶ በተቀመጠበት ይዞራል፤ ጀርባውን ለወንዶቹ ገበታ ሰጥቶ ከሚስቱ ጋር ይበላል።