በአንድ ማርሽ ዳገት ስለ መውጣት

(በራዲዮ ከተሰጠ ንግግር)

ብስክሌት ምን እንደ ሆነ የማያውቅ ከተሜ የለም። ነገር ግን ብስክሌት ከአስፋልት ወጥቶ በተራራ ላይ፣ በዛፍ መካከል በሚጥመለመል፣ ሥርና ድንጋይ በሞላበት፣ አንድ ሰው ብቻ በሚያሳልፍ ቀጭን መንገድ የሚወዳደርበት ስፖርት መኖሩን ሁሉም አያውቅ ይሆናል። በዚሁ ስፖርት ውስጥ ደግሞ ከሌላው የተለየ አንድ ወገን አለ። ይኸውም ዳገትን ለማቅለል የተሠሩትን ማርሾች ሁሉ ከብስክሌቱ ላይ አውልቆ፣ አንድ ብቻ አስቀርቶ የሚወዳደረው ወገን ነው። ዛሬ የምንነጋገረው ስለ እነዚህ ሰዎች ነው።

ሰው እጁ የገባውን ረዳት በፈቃዱ የሚጥለው ስለ ምንድን ነው? ነገሩን እልኸኝነት ነው ብሎ ማለፍ ይቻላል፤ ከፊሉም እውነት ነው። ሆኖም ጠጋ ብሎ ለመረመረው ሰው ከእልኸኝነት በላይ የሆነ ሐሳብ ያለበት በመሆኑ፣ ከሥሩ ጀምረን ብንመለከተው ይጠቅማል።

በመጀመሪያ ማርሽ ምን እንደሚሠራ እንይ። በብስክሌት ላይ ጥርስ ያላቸው ሁለት ክቦች አሉ። አንደኛው ከፔዳሉ ጋር፣ ሁለተኛው ከኋላው ጎማ ጋር የተያያዙ ሲሆኑ፣ ሁለቱን ሰንሰለት ያገናኛቸዋል። የፊተኛው 32፣ የኋለኛው 20 ጥርስ ቢኖረው፣ ፔዳሉ አንድ ጊዜ ሲዞር የኋላው ጎማ 1.6 ጊዜ ይዞራል። ዛሬ በተራራ ብስክሌት ላይ የተለመደው ባለ 29 ኢንች ጎማ ዙሪያው 2 ሜትር ከ30 ሴንቲ ሜትር ገደማ ስለ ሆነ፣ ብስክሌቱ በአንድ የፔዳል ዙር 3 ሜትር ከ68 ሴንቲ ሜትር ያህል ይሄዳል ማለት ነው። ባሕር ዳርን በመሰለ ሜዳማ ከተማ ለሚነዳ ሰው ይህን የመሰለ አንድ ማርሽ ዕድሜ ልኩን ይበቃዋል።

ብዙ ማርሽ ያለው የዛሬው የተራራ ብስክሌት ግን ከኋላ እስከ 12 የሚደርሱ ክቦች አሉት። በብዙዎቹ ላይ የትንሹ ክብ ጥርስ 10፣ የትልቁ 51 ነው። የፊተኛው ያው 32 ጥርስ ቢሆን፣ ነጂው በትልቁ ክብ ሲነዳ በአንድ ዙር 1 ሜትር ከ44 ሴንቲ ሜትር ብቻ ይሄዳል፤ በትንሹ ሲነዳ ደግሞ ከ7 ሜትር በላይ ይሄዳል።

እንግዲህ ክብደታቸው እኩል የሆነ ሁለት ሰዎች አንድን ዳገት በሰዓት በ6 ኪሎ ሜትር ፍጥነት ጐን ለጐን ይወጣሉ እንበል። ባለ ብዙ ማርሹ ፔዳሉን በደቂቃ 69 ጊዜ ያህል ያዞራል፤ ባለ አንድ ማርሹ 27 ጊዜ ብቻ ያዞራል። ቁጥሩን ብቻ ላየ ሰው ሁለተኛው ያረፈ ይመስላል። ነገሩ ግን ተቃራኒው ነው። የሁለቱም ሥራ እኩል ሲሆን፣ ሁለተኛው ያንኑ ሥራ በጥቂት እርግጫ መጨረስ ስላለበት፣ እያንዳንዱ እርግጫ ሁለት እጥፍ ተኩል ይከብደዋል። በዚህ ዓይነት ብዙ መቆየት ስለማይችል ከሁለት ነገር አንዱን መምረጥ ግድ ይሆንበታል። ወይም እርግጫውን ወደ 40 አድርሶ በሰዓት ወደ 9 ኪሎ ሜትር በሚጠጋ ፍጥነት መውጣት፣ ወይም ወርዶ ብስክሌቱን መግፋት ነው። ማርሽ የሚለውጥ ሰው ዳገቱን በፈለገው ዝግታ የመውጣት መብት አለው፤ ባለ አንድ ማርሹ ግን ይህ መብት የለውም። በዚህ ውድድር ውስጥ የሚታየው ዘዴና ድካም ሁሉ የሚመነጨው ከዚህች አንድ ነጥብ ነው።

ይህ ችግር ዛሬ የተወለደ አይደለም። በዚህ ንግግር የሚጠቀሱት ዓመታት ሁሉ በአውሮፓ አቆጣጠር ሲሆኑ፣ በ1903 ዓ.ም. የተጀመረው የፈረንሳይ ዙር የብስክሌት ውድድር ለብዙ ዓመታት ማርሽ የሚለውጥ መሣሪያን ለታላላቆቹ ተወዳዳሪዎች አልፈቀደም ነበር። የውድድሩ መሥራች አንሪ ደግራንዥ ድል የጡንቻ እንጂ የመሣሪያ መሆን የለበትም የሚል እምነት ነበረው። በዚያ ዘመን ብዙዎቹ ተወዳዳሪዎች በኋላው ጎማ ግራና ቀኝ አንዳንድ ጥርሳም ክብ ይገጥሙ ነበርና፣ ተራራው ሥር ሲደርሱ ከብስክሌቱ ወርደው፣ ጎማውን ፈትተው፣ አገላብጠው ያስሩት ነበር። በ1910 ዓ.ም. ውድድሩ ለመጀመሪያ ጊዜ 2,115 ሜትር ከፍታ ባለው በቱርማሌ ተራራ ላይ ሲያልፍ፣ ፈረንሳዊው ኦክታቭ ላፒዝ ከዳገቱ ከፊሉን ብስክሌቱን በእግሩ እየገፋ ወጥቷል። የዚያን ዓመት አሸናፊም እርሱው ነበረ። ማርሽ የሚለውጠው መሣሪያ በዚህ ውድድር የተፈቀደው በ1937 ዓ.ም. ነው።

የተራራ ብስክሌት ራሱ የተወለደው ግን ከአውሮፓ ርቆ፣ በአሜሪካ በካሊፎርኒያ፣ ከሳን ፍራንሲስኮ በስተ ሰሜን ባለው በማሪን አውራጃ ነው። በ1970ዎቹ ዓመታት የዚያ አገር ወጣቶች ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት በፊትና በዚያው አካባቢ የተሠሩ፣ ጎማቸው ወፍራም የሆነ እንደ ሽዊን ያሉ አሮጌ ብስክሌቶችን እየፈለጉ ከተራራ ቁልቁል ይነዱ ጀመር። በጥቅምት 21 ቀን 1976 ዓ.ም. በፌርፋክስ ከተማ አጠገብ ባለው መንገድ ላይ የመጀመሪያውን ውድድር አደረጉ። መንገዱ 3.4 ኪሎ ሜትር ያህል ሲረዝም፣ ከላይ እስከ ታች 400 ሜትር ገደማ ይወርዳል። የእነዚያ አሮጌ ብስክሌቶች ፍሬን ፔዳሉን ወደ ኋላ በመርገጥ የሚይዝ ስለ ነበረ፣ ከቁልቁለቱ ብርታት የተነሣ በውስጡ ያለው ግራሶ እየጋለ ይጤስና ያልቅ ነበር። በዚህም ምክንያት ከውድድሩ በኋላ ፍሬኑን ፈትቶ አዲስ ግራሶ መሙላት ግድ ነበር። መንገዱም «ሪፓክ»፣ ማለት «እንደገና ሙላ» የተባለው ከዚህ የተነሣ ነው። በዚያ መንገድ ላይ ፈጣኑ ሰዓት የጌሪ ፊሸር 4 ደቂቃ ከ22 ሴኮንድ ነው።

እዚህ ላይ አንድ ነገር ልብ ይሏል። የእነዚያ አሮጌ ብስክሌቶች አብዛኞቹ አንድ ማርሽ ብቻ ነበራቸው፤ ከባዶችም ስለ ነበሩ ወደ ተራራው ጫፍ ብዙ ጊዜ የሚደርሱት በጭነት መኪና ወይም እየተገፉ ነበር። ጌሪ ፊሸር በአሮጌው ብስክሌቱ ላይ ማርሽ የገጠመበት ምክንያት የወረደበትን ተራራ ራሱ እየነዳ ለመውጣት እንዲችል ነው። ጆ ብሪዝ ለዚሁ ሥራ ብሎ አዲስ ብስክሌት ሠራ፤ በ1979 ዓ.ም. ደግሞ ፊሸርና ቻርሊ ኬሊ በቶም ሪቺ እጅ የተሠሩትን መሸጥ ጀመሩ። ከዚህ በኋላ ስፖርቱ በፍጥነት ተስፋፍቶ፣ በ1990 ዓ.ም. በኮሎራዶ በዱራንጎ ከተማ የመጀመሪያው የዓለም ሻምፒዮና፣ በ1996 ዓ.ም. በአትላንታ የመጀመሪያው የኦሎምፒክ ውድድር ተደረገ። በአትላንታ ከወንዶች ሆላንዳዊው ባርት ብሬንትየንስ፣ ከሴቶች ጣሊያናዊቷ ፓኦላ ፔዞ አሸነፉ።

ማርሹ እየበዛ፣ መሣሪያው እየረቀቀ በሄደበት በዚያው በ1990ዎቹ ዓመታት፣ አንዳንድ ሰዎች ወደ አንድ ማርሽ ተመለሱ። የራሳቸውንም የዓለም ሻምፒዮና አቋቋሙ። ይህ ውድድር ከዓለም አቀፉ የብስክሌት ማኅበር ሥልጣን ውጭ የሚካሄድ፣ ከፉክክሩ ይልቅ ጨዋታው የሚበዛበት ነው። አሸናፊው የሚቀበለው ሽልማት በገላው ላይ የሚወቀር ንቅሳት ነው። በ2009 ዓ.ም. በዚያው በዱራንጎ፣ በ2010 ዓ.ም. በኒውዚላንድ በሮቶሩዋ ተደርጓል። ይሁን እንጂ ወደ አንድ ማርሽ የተመለሱት ወደ አባቶቻቸው ብስክሌት ተመለሱ ማለት አይደለም። ብስክሌታቸው ቀላል ነው፤ ፍሬኑም በእጅ የሚያዝና ጠንካራ ነው። የጥንቱ አንድ ማርሽ ለቁልቁለት ብቻ ሲያገለግል፣ የዛሬው ዳገትም እንዲወጣበት የታሰበ ነው።

አሁን ወደ ውድድሩ እንግባ። የባለ አንድ ማርሽ ተወዳዳሪ የመጀመሪያ ውሳኔ የሚወሰነው ውድድሩ ከመጀመሩ በፊት ነው። ከኋላ 18 ጥርስ ቢገጥም በአንድ ዙር 4 ሜትር ከ9 ሴንቲ ሜትር፣ 22 ቢገጥም 3 ሜትር ከ35 ሴንቲ ሜትር ይሄዳል። የመጀመሪያው በሜዳ ይጠቅመዋል፣ በዳገት ይገድለዋል፤ ሁለተኛው በዳገት ይጠቅመዋል፣ በሜዳ ያስቀረዋል። ሁለት እግር አለኝ ተብሎ ሁለት ዛፍ አይወጣም እንደ ተባለው፣ አንዱን መምረጥ ግድ ነው። ልምድ ያላቸው ሰዎች ማርሻቸውን የሚመርጡት እጅግ ቀጥ ያለውን ዳገት አይተው አይደለም፤ ብዙውን ጊዜ የሚያሳልፉበትን መንገድ አይተው ነው። እጅግ የከፋው ዳገት አጭር ከሆነ በእግር ይገፋል። በሰዓት 6 ኪሎ ሜትር የሚነዳ ሰው 100 ሜትር ዳገት በ60 ሴኮንድ ሲጨርስ፣ በሰዓት 4 ኪሎ ሜትር ተኩል እየተራመደ የሚገፋው በ80 ሴኮንድ ይጨርሰዋል። የሚጎዳው በ20 ሴኮንድ ብቻ ነው። ያን 20 ሴኮንድ ለማዳን ብሎ ጉልበቱን የጨረሰ ሰው ግን በቀጣዮቹ ዳገቶች ላይ ደቂቃዎችን ይከፍላል። ቀስ በቀስ እንቁላል በእግሩ ይሄዳል የሚለው ተረት በኮርቻ ላይ ለተቀመጠ ባለ አንድ ማርሽ ባይሠራለትም፣ ወርዶ ለሚገፋው በደንብ ይሠራለታል።

ሁለተኛው ዘዴ ፍጥነትን መቆጠብ ነው። ባለ ብዙ ማርሹ ዳገቱ ሥር ደርሶ ማርሹን ያቀላል፤ ባለ አንድ ማርሹ ግን ዳገቱን የሚጀምረው ገና ከወዲያኛው ቁልቁለት ላይ ሳለ ነው። ከጠመዝማዛው በፊት በከንቱ የተያዘ ፍሬን በዳገቱ ላይ በጡንቻ ይከፈላል። ስለዚህ ዓይኑ ከፊቱ ጎማ ላይ ሳይሆን ራቅ ብሎ መንገዱ በሚታጠፍበት ላይ ነው። ዳገቱ ሲጠና ከኮርቻው ይነሣና በክብደቱ ይረግጣል፤ ሰፊውን መሪ በእጆቹ እየሳበ እግሩን ይረዳል። ብዙ ወደ ፊት ካዘነበለ የኋላው ጎማ መሬቱን ይለቅና ይንሸራተታል፤ ብዙ ወደ ኋላ ከሸሸ የፊቱ ጎማ ይነሣል። በሥርና በልቅ ድንጋይ ላይ ይህን ሚዛን መጠበቅ ከጉልበት ይልቅ ልምድን የሚጠይቅ ሥራ ነው።

ሦስተኛው የሰው ነገር ነው። በቀጭን መንገድ ላይ ማለፊያ ጥቂት ነው። ከፊት ያለው ሰው ማርሹን አቅልሎ ቀስ ብሎ ሲወጣ፣ ከኋላው ያለው ባለ አንድ ማርሽ እንደ እርሱ ቀስ ማለት ስለማይችል፣ ወይ ያልፈዋል ወይ ይወርዳል። ስለዚህ የማለፉ ጥያቄ መቅረብ ያለበት በዳገቱ መካከል በጩኸት ሳይሆን፣ ከዳገቱ በፊት ሥፍራ ባለበት በትሕትና ነው። አንድ ማርሽ የመረጠው እርሱ ራሱ ስለ ሆነ፣ የምርጫውን ዕዳ በሌላው ላይ መጣል አይገባውም። ሜዳው ሲመጣ ደግሞ ተራው ይለወጣል። በ20 ጥርስ የሚነዳ ሰው ፔዳሉን በደቂቃ 110 ጊዜ ቢያዞር እንኳ በሰዓት ከ24 ኪሎ ሜትር ብዙ አይዘልም። ባለ ብዙ ማርሹ ያን ጊዜ በጨዋነት ያልፈዋል፤ እርሱም ጐንበስ ብሎ ትንፋሹን እየሰበሰበ የሚቀጥለውን ዳገት ይጠብቃል።

ጥንቃቄም ያስፈልጋል። ቆሞ የሚረግጥ ሰው ሙሉ ክብደቱን በሰንሰለቱ ላይ ያሳርፋልና፣ ሰንሰለቱ ቢዘል ወይም ቢበጠስ ጉልበቱ ወይም ደረቱ ከመሪው ጋር ይጋጫል። ሰንሰለቱ በመካከሉ በጣት ሲነካ አንድ ሴንቲ ሜትር ያህል ቢንቀሳቀስ በቂ ነው፤ ከዚያ በላይ ከላላ ይወልቃል፣ እጅግ ከተወጠረ ደግሞ አዟዟሩን ያከብዳል፣ ኩሽኔታውንም ይበላል። ጉልበቱን የሚያመው ሰው ይህን ስፖርት ቢተወው ይሻለዋል። አዲስ ጀማሪም በቀላል ማርሽና በአጭር ዳገት ይጀምር፤ የመገጣጠሚያ ሕመም ከተሰማው ዕለቱኑ ያቁም።

እንግዲህ መጀመሪያ ወደ ጠየቅነው ጥያቄ እንመለስ። አንድ ማርሽ ያሸንፋልን? ረጅም ሜዳና ረጅም ቀጥ ያለ ዳገት ባለበት መንገድ፣ ጉልበታቸው እኩል ከሆነ፣ ባለ ብዙ ማርሹ እንደሚቀድም ሒሳቡ ራሱ ያስረዳል። አጫጭር ዳገትና ቁልቁለት በሚፈራረቁበት ቀጭን መንገድ ግን ልዩነቱ ይጠባል። በብዙ ውድድሮች ላይ ባለ አንድ ማርሾች የራሳቸው ምድብ የሚሰጣቸውም ስለዚህ ነው። ደግራንዥ መሣሪያውን በሕግ ሲከለክል ምርጫውን ከተወዳዳሪው እጅ ወስዶ ነበር። የዛሬዎቹ ግን ማንም ሳያስገድዳቸው፣ ማርሹ በየሱቁ ሞልቶ ሳለ የተዉት በመሆናቸው ሁኔታቸው የተለየ ነው። የሚያገኙት ትርፍም በሰዓት መቁጠሪያ ላይ አይታይም። ድካም ሲመጣ የሚነካ ማርሽ ስለሌለ፣ አቅምን አስቀድሞ መመዘንን፣ መንገድን ከሩቅ ማንበብን፣ ላፒዝም በቱርማሌ ላይ እንዳደረገው ጊዜው ሲደርስ ሳያፍሩ ወርዶ መግፋትን ይማራሉ። ይህን ለመማር ለሚፈልግ ሰው አንድ ማርሽ ይበቃዋል፤ ለመቅደም ብቻ ለሚፈልግ ግን 12ቱን ቢይዝ ማንም አይነቅፈውም።