መጋዘን ከማስፋት በፊት በኮምፒውተር መሞከር

ደብረ ብርሃን ዛሬ የፋብሪካ ከተማ ናት። ከቀድሞው የብርድ ልብስ ፋብሪካ ሌላ ሐበሻ ቢራ በ2007 ዓ.ም. ማምረት ጀምሯል፤ የኢንዱስትሪ ፓርክም ተጨምሯል። ምርት ሲበዛ መጋዘን ይጨናነቃል። መኪና በር ላይ ሲሰለፍ ብዙውን ጊዜ የሚመጣው ሐሳብ «ሌላ በር እንክፈት» የሚል ነው። እኔ ግን ከዚያ በፊት የኮምፒውተር ሲሙሌሽን ይሞከር እላለሁ።

ሲሙሌሽን ማለት የመጋዘኑን ሥራ በኮምፒውተር ውስጥ አስመስሎ ማሠራት ነው። መኪኖች በምን ያህል ልዩነት እንደሚመጡ፣ ጭነቱ ስንት ደቂቃ እንደሚፈጅ፣ ስንት ጫኝና ፎርክሊፍት እንዳለ ይነገረዋል። እሱም የዓመቱን ሥራ በአጭር ጊዜ ሠርቶ ያሳያል። ሐሳቡ አዲስ አይደለም፤ ኖርዌያውያኑ ኦሌ ዮሐን ዳል እና ክሪስተን ኒጎርድ ለዚሁ ዓላማ ሲሙላ የተባለውን ቋንቋ የፈጠሩት በ1960ዎቹ (እ.ኤ.አ.) ነው።

አንድ ምሳሌ ላስላ። ባለ አንድ በር መጋዘን አለን እንበል። በአማካይ በየ12 ደቂቃው መኪና ይመጣል፤ ጭነቱ በአማካይ 10 ደቂቃ ይወስዳል። ሲታይ ወረፋ ሊኖር አይገባም። ነገር ግን መኪኖች በቀጠሮ አይመጡም፤ ሦስቱ ተከታትለው ይደርሱና ከዚያ ለግማሽ ሰዓት አንድም ላይመጣ ይችላል። የጭነቱም ጊዜ አንዴ ያጥራል፣ አንዴ ይረዝማል። ሁለቱም እንዲህ በዘፈቀደ ሲለዋወጡ አንድ ሾፌር ተራው እስኪደርስ በአማካይ 50 ደቂቃ ይጠብቃል። ሁለተኛ በር ቢከፈት ጥበቃው ወደ 2 ደቂቃ ይወርዳል፤ ግን ግንባታና ተጨማሪ ሠራተኛ ይጠይቃል። ቶሎ ቶሎ የሚወጣውን ዕቃ ወደ በሩ አቅርቦ፣ ሰነዱን ቀድሞ አዘጋጅቶ ጭነቱን 8 ደቂቃ ማድረግ ቢቻልስ? ጥበቃው 16 ደቂቃ ይሆናል። የሁለት ደቂቃ ቁጠባ 34 ደቂቃ አተረፈ ማለት ነው፤ ያውም ያለ ሲሚንቶ።

ይህን ያህሉ በቀመርም ይሰላል። የምሳ ሰዓት፣ የመብራት መቋረጥና የበዓል ሰሞን ትእዛዝ ሲጨመሩበት ግን ቀመሩ አይበቃም፤ ሲሙሌሽን የሚያስፈልገው ያኔ ነው።

ነገሩ የቢራ ብቻ አይደለም። ከደብረ ብርሃን 40 ኪሎ ሜትር ገደማ ወደምትርቀው አንኮበር ማዳበሪያ የሚያደርስ መኪና ቀኑን በወረፋ ካሳለፈ ጭጋጋማውን ዳገትና ቁልቁለት በጨለማ ሊጓዝ ነው። የዘር ወቅትም ገበሬውን አይጠብቅም።

እርግጥ ሲሙሌሽን የተሳሳተ መረጃ ከገባበት የተሳሳተ መልስ ይሰጣል። ቢን ካርድ ደግሞ የዕቃውን ብዛት እንጂ የመኪናውን ሰዓት አይናገርም። ስለዚህ መነሻው የጥበቃው መዝገብ ነው፤ እያንዳንዱ መኪና የደረሰበት፣ መጫን የጀመረበትና የወጣበት ሰዓት ለጥቂት ሳምንታት በትክክል ይጻፍ። ቀሪውን ፓይተን የሚያውቅ አንድ የዩኒቨርሲቲ ተማሪ በነፃ በሚገኘው ሲምፓይ ሊሠራው ይችላል።