የደላላው ሒሳብና ያልተቆጠሩት

ሰው አደጋ ያለበትን ውሳኔ የሚወስነው ተጨባጩን ሁኔታ መዝኖ ብቻ ነው የሚለው አመለካከት ለረጅም ዘመን ሲሠራበት ኖሯል። ይሁን እንጂ ያው አንድ እውነት የቀረበበት መልክ፣ የትኛው ወገኑ ከፊት የትኛው ከኋላ መቀመጡ፣ ውሳኔውን ሊገለብጠው እንደሚችል ዛሬ በሚገባ ታውቋል። ጉዳዩ የምሁራን መከራከሪያ ብቻ ቢሆን ኖሮ እዚህ ባላነሣነው ነበር። ከወልድያ ወደ ቆቦ በሚወስደው አውራ ጎዳና ላይ በምትገኘው በጎብዬና በዙሪያዋ ግን የወጣቶች የሕይወትና የሞት ጥያቄ ነው።

ራያ ቆቦ ወጣቶች በጂቡቲ አድርገው፣ ከኦቦክ ጠረፍ በጀልባ ወደ የመን፣ ከዚያም ወደ ሳውዲ ዓረቢያ ድንበር ከሚጎርፉባቸው የሰሜን ወሎ አካባቢዎች አንዱ ነው። ምክንያቱ ድህነት ነው ብሎ ማለፍ ይቀላል። ድህነቱስ አለ፤ ዝናቡ ሲቆራረጥ ማሽላው ይቀጭጫል፣ መሬቱ ለተተኪው ትውልድ አይዳረስም፣ ከሐምሌ 2013 ዓ.ም. ጀምሮም ጦርነት አካባቢውን ደጋግሞ ጎድቶታል። ነገር ግን ድሃ ሁሉ ወደ ባሕር አይሄድም። በድህነቱና በጀልባው መካከል ደላላው ቆሟል።

ደላላው ዘወትር ይዋሻል ብሎ መነሣት ስሕተት ነው። ከሚናገረው ብዙው እውነት ነው፤ ኃይሉም ከዚሁ የመነጨ ነው። እገሌ ደርሷል ይላል፤ ደርሷል። ለእናቱ የቆርቆሮ ቤት ሠርቷል ይላል፤ ቤቱ ለአላፊ አግዳሚው ይታያል። እስክትደርስ ድረስ አምስት ሳንቲም አትከፍልም ይላል፤ ይህም እውነት ሊሆን ይችላል። ያላለው ነገር ቢኖር ክፍያው የመን ውስጥ፣ ወጣቱ በአጋቾች እጅ ሳለ፣ ለቤተሰቡ ስልክ ተደውሎ ሊጠየቅ እንደሚችል ነው። ያኔ በሬው ይሸጣል፣ ማሳው በኮንትራት ይሰጣል። ዕዳው አልቀለለም፤ ባለዕዳው መደራደር ወደማይችልበት ስፍራ ተዛወረ እንጂ።

በ1973 ዓ.ም. አሞስ ትቨርስኪና ዳንኤል ካህነማን የተባሉ ሁለት የሥነ ልቡና ሊቃውንት ያሳተሙት ጥናት ለዚህ ጥሩ ማስረጃ ነው። 600 ሰዎችን ይፈጃል ተብሎ የሚጠበቅ ወረርሽኝ አለ እንበል ብለው የአሜሪካና የካናዳ የዩኒቨርሲቲ ተማሪዎችን ጠየቁ። ለአንደኛው ቡድን፣ አንዱ እርምጃ 200 ሰዎችን በእርግጥ ያድናል፣ ሌላው ከሦስት አንድ ዕድል ሁሉንም ያድናል፣ ካልቀናው ግን ማንንም አያድንም ተባለ። ከመቶው 72ቱ እርግጠኛውን መረጡ። ለሁለተኛው ቡድን ያው ሒሳብ በሞት ቋንቋ ቀረበ፤ በአንዱ 400 ሰዎች በእርግጥ ይሞታሉ፣ በሌላው ከሦስት አንድ ዕድል ማንም አይሞትም፣ ካልቀናው ግን ሁሉም ያልቃሉ ተባለ። በዚህ ጊዜ ከመቶው 78ቱ ዕጣውን መረጡ። ቁጥሩ አንድ ነው፤ የተለወጠው ቃሉ ነው። በእጁ የያዘው ትርፍ እንደሆነ የሚያስብ ሰው ይጠነቀቃል፤ ኪሳራ ውስጥ ገብቻለሁ የሚል ግን ኪሳራውን ባንድ ጊዜ ለማካካስ ይደፍራል።

እንግዲህ የደላላው የመጀመሪያ ተግባር ወጣቱን ከስረሃል ብሎ ማሳመን ነው። የእኩዮችህ ቤት ቆርቆሮ ለብሷል፣ ቁጭ ብለህ ከምትሞት ሞክረህ ሙት ይለዋል። በዚህ አነጋገር አገር ቤት መቅረት እርግጠኛ ጥፋት፣ ባሕሩ ደግሞ ብቸኛ መውጫ ይሆናል።

ስለ ሞት ብቻ የሚናገረው ማስጠንቀቂያ የሚከሽፈውም በዚሁ ምክንያት ይመስለናል። በነሐሴ 2015 ዓ.ም. ሂዩማን ራይትስ ዎች የሳውዲ ድንበር ጠባቂዎች በመቶዎች የሚቆጠሩ ኢትዮጵያውያንን መግደላቸውን ይፋ አደረገ፤ ጉዞው አልቆመም። በሐምሌ 2017 ዓ.ም. ኢትዮጵያውያንን የጫነች ጀልባ በየመን አብያን ጠረፍ ሰጥማ ከ70 በላይ ሰዎች አለቁ። መቅረትን እንደ ሞት ለቆጠረ ወጣት አንድ ተጨማሪ ሞት ሚዛኑን አያነሣውም። የአዋጅ ቁጥር 1178/2012 ቅጣትም ቢሆን የሚፈለገውን ያህል አይደርስም፤ ደላላው አብዛኛውን ጊዜ ከዚያው ቀዬ የወጣ፣ በዝምድና የሚታመን ሰው ነውና ማንም አያጋልጠውም።

ለነገሩ ግማሹን እውነት አሳምሮ ማቅረብ የደላላ ብቻ ጠባይ አይደለም። በ1977ቱ ድርቅ ወደ 600 ሺህ የሚጠጋ ሕዝብ ከወሎ፣ ከትግራይና ከሸዋ ወደ ምዕራብና ደቡብ ምዕራብ ሲሰፍር፣ በግዳጅ የተጫኑትን ትተን፣ በፈቃዱ የተመዘገበው የሰማው ቅስቀሳ ስለ ለሙ መሬትና ስለማይቋረጠው ዝናብ ነበር። ወባውን ያወቀው ከደረሰ በኋላ ነው።

ታዲያ ምን ይደረግ? ሒሳቡ ሙሉ ሆኖ ይቅረብ። ከአንድ ቀበሌ በአንድ ዓመት ስንት ወጡ፣ ስንቱ ደረሱ፣ ስንቱ ተይዘው ተመለሱ፣ ስንቱ ድምፃቸው ጠፋ? በ2006 ዓ.ም. ሳውዲ ዓረቢያ በጥቂት ወራት ውስጥ ከ160 ሺህ በላይ ኢትዮጵያውያንን ስታባርር፣ ደርሰዋል ተብለው የተቆጠሩ ሁሉ ባዶ እጃቸውን ከተመለሱት ተርታ ገብተዋል። በአዋጅ ቁጥር 923/2008 መሠረት በሕጋዊ ኤጀንሲ መሄድ፣ በቆቦና ጊራና ሸለቆ በከርሰ ምድር ውኃ የሚለማው መስኖም በዚያው ሚዛን፣ ከነጉድለታቸው፣ ይቀመጡ።

ይህን ቆጠራ ከቀበሌው ጽሕፈት ቤት ይልቅ እድሩ ይችለዋል፤ የቤተሰቡን ጓዳ ያውቃልና። አንድ እንቅፋት ግን አለ። መርዶ ካልመጣ ለቅሶ የለም፤ ለቅሶ ከሌለ የእድሩ መዝገብ ምንም አይጽፍም። ባሕር የበላው ልጅ ከሙታንም ከሕያዋንም ሳይቆጠር ይቀራል፤ የቆርቆሮ ቤቱ ግን ከመንገድ ዳር ይቆጠራል። እናቱም ስሙ ከሟቾች ጋር እንዲጻፍ አትፈቅድም። ስለዚህ ዓምዱ «የሞቱ» ሳይሆን «ድምፃቸው ያልተሰማ» ተብሎ ይከፈት፤ በየዓመቱ የእድር ስብሰባም ከደረሱት ስም ጋር አብሮ ይነበብ።