ቦይለሩስ ተገጠመ፤ ሥራውን ማን ፈተሸው?



በጅማና በዙሪያዋ ባሉ የቡና ከተሞች፣ በአጋሮም ይሁን በሊሙ ገነት፣ በሰቃም ይሁን በሰርቦ፣ ቡና ተሸጦ ገንዘብ እጅ ሲገባ ቤት ይታደሳል። ቀደም ባለው ጊዜ ሣሩ በቆርቆሮ ይለወጥ ነበር። ከዚያ የወለሉ ተራ መጣ፤ ሊሾ ሆነ። አሁን ደግሞ ተራው የመታጠቢያ ቤቱ ነው። ሴራሚክ ይለጠፋል፣ ሻወር ይተከላል፣ ግድግዳው ላይ ነጭ ቦይለር ይሰቀላል። ይህን ቅንጦት ነው የሚል ሰው ካለ፣ በኅዳርና በታኅሣሥ ጎሕ ሳይቀድ ተነስቶ በጅማ ብርድ ውዱእ አድርጎ አያውቅም ማለት ነው። አዛውንት ወይም አራስ ላለበት ቤት ደግሞ የሞቀ ውሃ ትልቅ ኒዕማ ነው።

ይሁን እንጂ ዕቃውን መግዛት ቀላሉ ነገር ነው። ሱቅ ገብቶ 50 ሊትር ይሻላል ወይስ 80 ብሎ መምረጥ፣ ዋጋ መከራከር፣ በባጃጅ ጭኖ መምጣት! ችግሩ የሚጀምረው ገጣሚው መሰርሰሪያውን ይዞ ሲገባ ነው። ሰውየው ሲሄድ የሠራው ሥራ ግማሹ ከሴራሚኩ ጀርባ ይቀራል፤ ባለቤቱ የሚያየው የሚያብረቀርቀውን ብቻ ነው። ታዲያ ሥራው በትክክል መሠራቱን በምን ያውቃል?

አንድ የሥራ ባልደረባዬ አጋሮ ለሚኖሩት እናቱ ቦይለር አስገጠመላቸው። በሁለተኛው ቀን ከቦይለሩ ሥር ካለች ትንሽ የናስ ዕቃ ውሃ ጠብ ጠብ ማለት ጀመረ። እናት ገጣሚውን አስጠሩት።

«ልጄ፣ ይሄ ነገር እኮ ያፈሳል። ገንዘቡን ከተቀበልክ በኋላ እንዲህ ነው እንዴ?»

«እናቴ፣ አይጨነቁ። አዲስ ስለሆነ ነው፤ አሁኑኑ አቆመዋለሁ።»

አቆመውም። የምታንጠባጥበዋን ቀዳዳ በብሎን ጥርቅም አድርጎ ደፈናት። እናት መረቁት፤ ለሻይ ብለውም ጨመሩለት። ባልደረባዬ ለዒድ ሲሄድ አይቶ ሌላ ባለሙያ ባያስጠራ ኖሮ ያ ብሎን ዛሬም እዚያው ነበር።

ያቺ የናስ ዕቃ ሴፍቲ ቫልቭ ትባላለች። ቀዝቃዛው ውሃ ወደ ቦይለሩ በሚገባበት አፍ ላይ የምትታሰር ስትሆን ሁለት ሥራ አላት። አንደኛ፣ የገባው ውሃ ወደ ኋላ እንዳይመለስ ትከለክላለች። የከተማው ውሃ ሲቋረጥ (የእኛን ከተሞች መቼም ታውቋቸዋላችሁ!) ቦይለሩ ባዶውን እንዳይቀርና የውስጡ ማሞቂያ በደረቁ እንዳይቃጠል የምታደርገው እርሷ ናት። ሁለተኛ፣ ውስጥ ያለው ግፊት ሲበዛ ታስተነፍሳለች። ውሃ ሲሞቅ ይሰፋል፤ 50 ሊትር ቀዝቃዛ ውሃ እስከ 65 ዲግሪ ቢሞቅ ወደ አንድ ሊትር የሚጠጋ ትርፍ መሄጃ ይፈልጋል። ስለዚህ ቦይለሩ በሚሞቅበት ሰዓት ጠብ ጠብ ማለቷ ጤንነት እንጂ ብልሽት አይደለም። ቦይለሩ ጠፍቶ፣ ውሃው ቀዝቅዞ ሳለ ሌት ተቀን የምታፈስ ከሆነ ግን ወይ የመስመሩ ግፊት በዝቷል፣ ወይ ቫልቯ ቆሻሻ ይዛለች። የእናትየዋ ገጣሚ ማድረግ የነበረበት ቀጭን ጎማ ቀጥሎ፣ ጫፉን ክፍት ትቶ ወደ ፍሳሹ ማውረድ ነበር። የአምስት ደቂቃ ሥራ ነው።

የተደፈነች ቫልቭ ወዲያው ጉዳት አታሳይም። ሙቀቱን የሚቆጣጠረው ቴርሞስታት እስከሠራ ድረስ ታንኩ ይጨነቃል፣ መጋጠሚያዎቹ ያፈሳሉ እንጂ ሌላ ነገር ላይታይ ይችላል። ቴርሞስታቱ የተበላሸ ቀን ግን ውሃው በግፊት ታምቆ ከ100 ዲግሪ በላይ ይግላል፤ ታንኩ ሲቀደድ የውሃው ከፊል በቅጽበት እንፋሎት ሆኖ ይፈነዳል። በ1974 ዓ.ም. (እ.ኤ.አ. ጃንዋሪ 1982) በአሜሪካ፣ ኦክላሆማ ግዛት፣ ስፔንሰር በተባለች ከተማ የሚገኝ ስታር የተባለ አንደኛ ደረጃ ትምህርት ቤት የውሃ ማሞቂያው ፈንድቶ ስድስት ሕፃናትና አንድ መምህር ሞተዋል። ከቤታችን ቦይለር የሚበልጥ ማሞቂያ ነበር፤ የሚሠራበት ሕግ ግን አንድ ነው።

የመሬት ገመዱ ጉዳይ

ከፍንዳታው ይልቅ ለእኛ የሚቀርበው አደጋ ኤሌክትሪኩ ነው። ቦይለር በ220 ቮልት የሚሠራ፣ አብዛኛውን ጊዜ ከ1500 እስከ 2000 ዋት የሚወስድ ዕቃ ነው። ሦስት ገመድ ይዞ ይመጣል። ሁለቱ ካልተያያዙ ስለማይሠራ ገጣሚው አይረሳቸውም። ሦስተኛው፣ ቢጫና አረንጓዴ ሽንትር ያለበት የመሬት ገመድ (ኤርዝ የሚባለው) ባይታሰርም ቦይለሩ ውሃውን አሳምሮ ያሞቃል። ጉዱ እዚህ ላይ ነው! ቤቱ የመሬት ዘንግ ያልተቀበረለት ከሆነ ገጣሚው ገመዱን ጠቅልሎ ሽፋኑ ውስጥ ይተወዋል፤ ወይም ከውሃ ቧንቧ ጋር ያስረዋል፤ ይህም መላውን የቤቱን ቧንቧ ኤሌክትሪክ ሊያሸክመው ይችላል።

ከዚያ የውስጡ ማሞቂያ ያረጀ ወይም የተሰነጠቀ ቀን፣ ኤሌክትሪኩ ወደ መሬት የሚወርድበት ሌላ መንገድ ስለሌለው እርጥብ እግሩን መሬት ላይ ባሳረፈው ሰው በኩል ይወርዳል። በ2000 ዓ.ም. ባግዳድ በነበረ የአሜሪካ ጦር ሰፈር አንድ ወታደር ሻወር ሲወስድ በኤሌክትሪክ ሞቶ ጉዳዩ እስከ አገሪቱ ምክር ቤት ደርሶ ነበር። ምክንያቱ የውሃው ፓምፕ የመሬት ገመድ በትክክል ያልታሰረለት መሆኑ ነው። ከጦርነት የተረፈ ሰው በሻወር ሞተ።

በየቤቱ ስገባ የምሰማው አነጋገር ያስፈራኛል። «ቧንቧውን ስነካው ትንሽ ነዘር ያደርገኛል፤ ግን ብዙም አይደለም» ይባላል። ውድ እህቶች፣ ውድ ወንድሞች፣ ትንሽ ንዝረት የሚባል ነገር የለም! ደረቅ ጫማ ያደረገውን አባት ነዘር ያደረገው፣ እግሩ ውሃ ውስጥ የቆመውን ልጅ ይገድላል። ቧንቧው በነዘረ ሰዓት ብሬከሩ ይውረድ፤ እስኪሠራ ድረስም አይነሳ። ቦይለሩ ለብቻው ገመድና ለብቻው ብሬከር ሊኖረው ይገባል። ፍሳሽ ኤሌክትሪክ ሲሰማው በራሱ የሚቆርጥ 30 ሚሊ አምፔር መቁረጫ ደግሞ አብሮ ቢገጠም ዋጋው ከአንድ ነፍስ ጋር የሚነጻጸር አይደለም።

ስለ ግድግዳው ብዙ አልልም። 50 ሊትር ውሃ 50 ኪሎ ነው፤ ታንኩ ሲጨመር ግድግዳው አንድ ትልቅ ሰው ተንጠልጥሎበት ይውላል ያድራል ማለት ነው። የጅማ ቤት ብዙው የጭቃ ቤት ነው። ውስጡ ክፍት የሆነ ብሎኬትም ቢሆን ተራ ፊሸር በደንብ አይዝለትም፤ ብሎኑ ግድግዳውን በስቶ ወዲያ ማዶ በብረት መያዝ አለበት። በጭቃ ግድግዳ ላይ ከሆነ ከወለል የሚነሳ የብረት መቆሚያ ይበየድ። ቧንቧውም እንደዚሁ፤ ነጩ ወይም አረንጓዴው ፒፒአር የሚባለው ቧንቧ በላዩ ላይ ቁጥር አለው፤ ለሙቅ ውሃ ፒኤን 20 የተጻፈበት እንጂ ለቀዝቃዛ ብቻ የሚሆነው ስስ ቧንቧ አይገባም። ዋጋው ስለሚረክስ ገጣሚው ስሱን ቢገዛ ከሴራሚኩ ኋላ ማን ያየዋል?

ቡናን ሳናይ አንገዛም

እዚህ አገር ጥራት ምን እንደሆነ የማያውቅ ሰው የለም። ቡና ተረካቢ እሸት ቡና ሲቀርብለት እጁን ወደ ጆንያው ይሰዳል፤ አረንጓዴውን ከቀዩ ይለያል፤ ጀንፈል ከሆነ ያሸታል፣ ይነክሳል። የጅማ ቡና ለረጅም ዘመን በዓለም ገበያ «ጅማ 5» እየተባለ በዝቅተኛ ደረጃ ሲሸጥ እንደኖረ ይታወቃል። በአጋሮ አካባቢ በጎማ ወረዳ ያለው የዱሮሚና ገበሬዎች ማኅበር ግን ያንኑ የአካባቢውን ቡና ቀዩን ብቻ ለቅሞ በጥንቃቄ በማጠቡ በ2004 ዓ.ም. በአፍሪካ የቡና ውድድር አንደኛ ወጣ። ዛፉ ያው፣ አፈሩ ያው፣ ገበሬው ያው! የተለወጠው አሠራሩ ነው።

ታዲያ ጆንያ ቡና ሳያሸት የማይገዛ አባወራ ለቧንቧ ሠራተኛ ሙሉ ገንዘብ በቀብድ መልክ ሰጥቶ ወደ ገበያ የሚሄደው ለምንድን ነው? በእኔ አስተያየት ጥፋቱ የገጣሚው ብቻ አይደለም። ሙያተኛ ስንፈልግ «ማን በርካሽ ይሠራል?» እንላለን እንጂ «የብቃት ማረጋገጫ አለህ ወይ? ከዚህ በፊት የሠራህበትን ቤት አሳየኝ» አንልም። ሠርግ ወይም ዒድ ሲደርስ ደግሞ በአንድ ቀን ጨርስ ብለን እናጣድፈዋለን። በቴክኒክና ሙያ ኮሌጅ ተምሮ ተመዝኖ የወጣ ወጣት ከተማው ውስጥ እያለ፣ መሰርሰሪያ ስለያዘ ብቻ የሚጠራው ብዙ ነው።

ፍተሻው ሴራሚኩ ከመለጠፉ በፊት ይሁን። ቧንቧው ተገጣጥሞ ካለቀ በኋላ አፎቹ ይዘጉ፤ በእጅ ፓምፕ ውሃ ይሞላና የግፊት መለኪያው ሳይወርድ መቆየቱ ይታይ። ፓምፕ ከሌለ ቢያንስ ውሃው ተለቆ ይደርና በማግስቱ መጋጠሚያው ሁሉ በደረቅ ጨርቅ ይዳሰስ። ገመዱን ሲዘረጋ የመሬቱ ገመድ ከየት ተነስቶ የት እንደደረሰ በጣቱ እያመለከተ ያሳይ፤ በመለኪያም ይለካው። ስልክ ያለው ልጅ ግድግዳው ሳይሸፈን ፎቶ ያንሳ፤ ነገ ምስማር ለመምታትም ይጠቅማል። ቦይለሩ መጀመሪያ ውሃ ተሞልቶ፣ በሙቅ ውሃው ቧንቧ አየር ሳይቀላቀል መፍሰሱ ከታየ በኋላ ብቻ ብሬከሩ ይነሳ። የመጨረሻው ክፍያ ከዚህ ሁሉ በኋላ ይሁን።

ሐቁ የማን ነው?

በዚህ ላይ አንዳንዶች «የሠራተኛን ዋጋ ማዘግየት ሐራም አይደለም ወይ?» ይላሉ። ጥያቄው ተገቢ ነው። ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ.) የሠራተኛ ዋጋ ሳይዘገይ እንዲከፈል አጥብቀው አዘዋል። ሥራው አልቆ፣ ተፈትሾ ደህና ሆኖ ሳለ «ነገ ና» እያሉ ማመላለስ ግፍ ነው፤ ይህንንም በከተማችን እናያለን። ነገር ግን ዋጋው የሥራው ነው። ኪታብ የቀራ ሰው እንደሚያውቀው ፉቀሃዎች ለአንድ ሰው ብቻ ተቀጥሮ የሚሠራውን «አጂር ኻስ»፣ እንደ ልብስ ሰፊና እንደ ቀላሚ ከብዙ ሰው ሥራ የሚቀበለውን «አጂር ሙሽተረክ» ብለው ይለያሉ። በሐነፊ መዝሀብ ሁለተኛው በገዛ እጁ ሥራ ላበላሸው ተጠያቂ ነው። ኸሊፋ ዐሊይ ኢብን አቢ ጧሊብ (ረ.ዐ.) ቀላሚንና አንጥረኛን ተጠያቂ ያደርጉ እንደነበር ተዘግቧል። ሕክምና ሳያውቅ ያከመ ሰው ለጉዳቱ ኃላፊ መሆኑም በሐዲስ የመጣ ነው፤ ኤሌክትሪክ ሳያውቅ ገመድ የሚያስር ሰው ከዚህ ምን ያህል ይርቃል?

የአገሪቱ ሕግም ከዚህ አይርቅም። በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ በአንቀጽ 2610 የሥራ ውል የሚያደርግ ሙያተኛ በራሱ ኃላፊነት ውጤት ሊያስገኝ የሚገደድ መሆኑን ያስቀምጣል፤ የሚከፈለው ለዋለበት ሰዓት ሳይሆን ለውጤቱ ነው። በአንቀጽ 1883 ደግሞ ቀብድ መስጠት ውል ለመኖሩ ማስረጃ ነው። ያም ሆኖ መጻፍን የመሰለ የለም። በቁርዓን ውስጥ ረጅሙ አያ፣ የሱረቱል በቀራህ 282ኛው፣ ዕዳን ስለ መጻፍና ስለ ምስክር መሆኑን እያወቅን፣ የብዙ ሺህ ብር ሥራ በቃል ብቻ እናሠራለን። አንዲት ገጽ ትበቃለች፦ ምን እንደሚሠራ፣ ዕቃውን ማን እንደሚገዛ፣ ስንት እንደሚከፈልና መቼ፣ ቢበላሽ እስከ ስንት ወር በነፃ እንደሚጠግን፣ ሁለት ምስክር።

ሥራው ተበላሽቶ ከተገኘስ? መጀመሪያ ብሬከሩ ይውረድ፣ ውሃው ይዘጋ። ከዚያ ገጣሚው ራሱ ይጠራ፤ ምስክር ባለበት ጉድለቱ ይታየው፤ የሚያስተካክልበት ቀን ይቆረጥ። ይህ ወግ ብቻ አይደለም፤ ሕጉም በአንቀጽ 1772 ውል ያላከበረን ሰው ከመክሰስ በፊት ማስጠንቀቂያ መስጠትን ይጠይቃል። እምቢ ካለ ሌላ ባለሙያ ጉድለቱን አይቶ በጽሑፍ ያስቀምጥ፤ ጉዳዩም ወደ ሽማግሌ ይሂድ። በጅማ ጃርሱማ እያለ ለአንድ ቫልቭ ፍርድ ቤት መመላለስ የሚያዋጣ አይደለም፤ ሰው የተጎዳበት ከሆነ ግን በሽምግልና የሚሸፈን ነገር አይደለም። ጥፋቱ የገጣሚው ሳይሆን የዕቃው ሆኖ ከተገኘ ደረሰኙ ይፈለግ። በ2006 ዓ.ም. የወጣው የንግድ ውድድርና የሸማቾች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 813 ጉድለት ያለበት ዕቃ የገዛ ሸማች በ15 ቀን ውስጥ እንዲለወጥለት ወይም ገንዘቡ እንዲመለስለት የመጠየቅ መብት ሰጥቶታል። ያለ ደረሰኝ የገዛ ግን ከሻጩ ጋር በቃል ሲከራከር 15ቱ ቀን ያልቅበታል።

ለባልደረባዬ እናት ሁለተኛው ባለሙያ ብሎኑን ነቅሎ አዲስ ቫልቭ አሰረላቸው፤ ጎማውንም ወደ ፍሳሹ አወረደ። የፊተኛውም ተጠርቶ መጣና አብሮ ቆሞ አየ። ቫልቭዋ ለምን እንደምታንጠባጥብ የነገረው ሰው እንዳልነበረ ተናገረ። የአዲሱን ቫልቭ ዋጋ እርሱ ከፈለ።