በናይሮቢ የወንዶች ትምህርት ቤቶች፥ ውጤት የሚከበርበትና የዕድል በር የሚከፈትበት ሁኔታ

በኬንያ ዋና ከተማ በናይሮቢ፥ ከመሐል ከተማው በስተ ምዕራብ፥ ሁርሊንግሃም የሚባል ሰፈር ይገኛል። ስሙ ከእንግሊዝ አገር የመጣ ነው፤ በቅኝ ግዛት ዘመን ሰፈሩ የአውሮፓውያን መኖሪያ ነበርና። ዛሬ ከልዩ ልዩ አገር የመጡ ሰዎች ይኖሩበታል፤ ከነዚህም መካከል ኢትዮጵያውያን አሉበት፤ እንጀራ የሚቀርብባቸው ምግብ ቤቶቻቸውም በዚያ የታወቁ ናቸው። ሰፈሩን አቋርጦ የሚያልፈው ሰፊ መንገድ አርግዊንግስ ኮዴክ ተብሎ ይጠራል። መንገዱ በስማቸው የተጠራላቸው ሰው በልጅነታቸው የሚሲዮን ትምህርት ቤት ተማሪ ነበሩ።

ኮዴክ በ1923 (በዚህ ጽሑፍ የሚጠቀሱት ዓመቶች፥ ሌላ ካልተባለ በቀር፥ በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው) በምዕራብ ኬንያ ተወለዱ። በኡጋንዳ በማከሬሬ ኮሌጅ ከተማሩ በኋላ ወደ ብሪታንያ ተሻግረው ሕግ አጠኑ፤ ከኬንያ አፍሪቃውያንም የመጀመሪያው ጠበቃ ሆነው ተመለሱ። ነገር ግን የቅኝ ግዛቱ መንግሥት ለአፍሪቃዊ ሕግ ዐዋቂ ሊከፍል የፈቀደው ደመወዝ፥ ያንኑ ሥራ ለሚሠራ አውሮፓዊ ከሚከፈለው እጅግ ያነሰ ሆኖ ተገኘ። ኮዴክ ይህን አልቀበልም ብለው የራሳቸውን ጽሕፈት ቤት ከፈቱ፤ በማው ማው ዐመፅ ለተከሰሱ ሰዎችም ጥብቅና ቆሙ። ከነጻነት በኋላ ለሚኒስትርነት ማዕርግ በቅተው ሳለ፥ በ1969 በዚሁ በሁርሊንግሃም መንገድ ላይ በመኪና አደጋ ሞቱ።

የኚህ ሰው ታሪክ ስለ ትምህርት ቤት በዓል የሚነገረውን ሁሉ በሁለት ይከፍለዋል። ፈተናን ማለፍ አንድ ጉዳይ ነው፤ ካለፉ በኋላ የሚገቡበት በር መኖሩ ደግሞ ሌላ ጉዳይ ነው። በሽልማት ቀን የሚጨበጨበው ለመጀመሪያው ነው። ሁለተኛው የሚወሰነው ግን ጭብጨባ በማይሰማበት ስፍራ፥ በገንዘብ ያዥ ጠረጴዛና በሹም ማኅተም ዘንድ ነው። በናይሮቢና በአካባቢዋ ያሉት የወንዶች ትምህርት ቤቶች ይህን ሁለተኛውን ጉዳይ እንዴት እንደ ያዙት መመልከት፥ በየከተማው ለሚገኙ ወላጆችና ሹማምንት የሚጠቅም ነገር አለው።

በቅኝ ግዛት ዘመን ትምህርት ቤቶቹ እንደ ሰፈሮቹ በዘር የተለዩ ነበሩ። የአውሮፓውያን ልጆች በ1931 ወደ ተከፈተው ወደ ፕሪንስ ኦፍ ዌልስ ትምህርት ቤት፥ ኋላም በ1949 ወደ ተቋቋመው ወደ ዲዩክ ኦፍ ዮርክ ይገቡ ነበር። እነዚህ ሁለቱ ዛሬ ናይሮቢ ስኩልና ሌናና ስኩል ተብለው የማንኛውም ዘር ልጅ ይማርባቸዋል። ለአፍሪቃውያን ልጆች ግን የፕሮቴስታንት ሚሲዮኖች ተባብረው በ1926 ከናይሮቢ አጠገብ በኪኩዩ የከፈቱት አልያንስ ሃይ ስኩል ለብዙ ዘመን የመጀመሪያውና የታወቀው በር ነበር። የኬንያ ነጻ መንግሥት ሲቋቋም ከተሾሙት ሚኒስትሮች በርካታዎቹ የዚህ ትምህርት ቤት ልጆች ነበሩ።

የአልያንስ ስም ሲነሣ ኬሪ ፍራንሲስ አብረው ይነሣሉ። ፍራንሲስ በካምብሪጅ ዩኒቨርሲቲ የሒሳብ መምህር ነበሩ፤ ያን ማዕርግ ትተው በ1928 ወደ ኬንያ መጡ፤ ከ1940 እስከ 1962 አልያንስን በዲሬክተርነት መሩ። ከሁሉ ይልቅ ሊወራ የሚገባው ግን ከዚያ በኋላ ያደረጉት ነው። ጡረታ ሲወጡ ወደ አገራቸው አልተመለሱም፤ ድኾች በሚኖሩበት በናይሮቢ ምሥራቅ፥ በፑምዋኒ፥ ተራ አስተማሪ ሆነው ገቡ፤ በ1966 እስከ ሞቱ ድረስም በዚያ አስተማሩ። የታላቅ ትምህርት ቤት ዲሬክተር የነበረ ሰው ሥልጣኑን ትቶ በማይታወቅ ክፍል ውስጥ ጠመኔ መያዙ በየትም አገር ብዙ ጊዜ የሚታይ ነገር አይደለም።

ከዚያው ከፑምዋኒ ብዙም ሳይርቅ፥ ፍራንሲስ ወደ ሰፈሩ ከመምጣታቸው ጥቂት ዓመታት አስቀድሞ፥ ሌላ ሥራ ተጀምሮ ነበር። በ1952 በታወጀው የአስቸኳይ ጊዜ ዐዋጅ ምክንያት አባቶቻቸው የሞቱባቸው ወይም የታሰሩባቸው ብዙ ልጆች በናይሮቢ ጎዳና ተበትነው ይገኙ ነበር። ጆፍሪ ግሪፊን የሚባሉ፥ በዚያው በኬንያ የተወለዱ ወጣት እንግሊዛዊ፥ በጦር ሠራዊቱ ውስጥ መኮንን ሆነው ሲያገለግሉ ያዩትን ግፍ ተቃውመው ከጦሩ ወጡ፤ ቀጥሎም ዋሙሙ በተባለው ስፍራ ታስረው ከነበሩ ወጣቶች ጋር ሠሩ። በ1959 ከጆፍሪ ጌቱሮና ከጆሴፍ ጊኩቡ ጋር ሆነው፥ በሁለት የቆርቆሮ ቤቶች ውስጥ፥ ለጎዳና ልጆች መጠለያ ከፈቱ። ስሙም ስታሬሄ ተባለ፤ በስዋሂሊ ቋንቋ ምቾትና ዕረፍት ማለት ነው። በመጠለያነት የተጀመረው ቤት ከጊዜ በኋላ ወደ ሙሉ ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት አደገ፤ ከዚያ በላይም የሙያ ማሠልጠኛ ተጨመረበት። ግሪፊን በ2005 እስከ ሞቱ ድረስ ከቤቱ አልተለዩም፤ ዘመኑ ሲቈጠር አርባ ስድስት ዓመት ያህል ነው።

ስታሬሄን ከሌሎች የለየው ነገር የክፍያው ሥርዓት ነው። ልጁ ሲቀበሉት ውጤቱ ብቻ ሳይሆን የቤተ ሰቡም ኑሮ ይመረመራል፤ ከዚያም አባት የሚከፍለው እንደ ዐቅሙ ይሆናል። ምንም የሌለው ያለ ክፍያ ይማራል፤ ያለው ይከፍላል፤ የጎደለውን ለጋሾች ይሞሉታል። የባለ ጸጋ ልጅና የጎዳና ልጅ አንድ ዓይነት ልብስ ለብሰው፥ በአንድ መኝታ ቤት አድረው፥ በአንድ ገበታ ይበላሉ። በሳምንት አንድ ጊዜ ባራዛ የሚባል ጉባኤ ይደረጋል፤ በዚያም ማንኛውም ልጅ ተነሥቶ ስለ ቤቱ አስተዳደር ዲሬክተሩን ሊጠይቅ ይችላል፤ ስለ ጠየቀም አይቀጣም። (ሹማምንት ሁሉ በሳምንት አንድ ጊዜ እንዲህ ያለ ጉባኤ ፊት ቢቆሙ ብዙ አቤቱታ ከመዝገብ ቤት ይቀር ነበር።) የትምህርት ቤቱ መሪ ቃል በስዋሂሊ «ናቱሌንጌ ጁ» ይላል፤ ከፍ አድርገን እናልም እንደ ማለት ነው። ይህ ቤት በኬንያ ብሔራዊ ፈተና ለብዙ ዓመታት ከፊተኞቹ መካከል ሲቆም ኖሯል። ልጆቹም ለተቀበሉት ዕድል መልስ እንዲሆን በሆስፒታል፥ በትምህርት ቤትና በመንግሥት መሥሪያ ቤት ያለ ደመወዝ የሚያገለግሉበት ልማድ አለ። የናይሮቢ ዩኒቨርሲቲን ከ2005 እስከ 2015 የመሩት፥ ኋላም የትምህርት ሚኒስትር የነበሩት፥ በ2023 ያረፉት ፕሮፌሰር ጆርጅ ማጎሃ ከዚህ ቤት ከወጡት አንዱ ናቸው።

ይሁን እንጂ እንደ ስታሬሄ ያለ ቤት ለሁሉ አይበቃም። የኬንያ መንግሥት በ2003 የአንደኛ ደረጃን ትምህርት ነጻ አደረገ፤ በ2008 ደግሞ የሁለተኛ ደረጃውን የማስተማሪያ ክፍያ ራሱ ሊሸፍን ጀመረ። ነገር ግን ታላላቆቹ የወንዶች ትምህርት ቤቶች አዳሪ ናቸው፤ የመኖሪያውና የምግቡ ዋጋ፥ የደንብ ልብሱ፥ ፍራሹና የቆርቆሮ ሳጥኑ ከወላጅ ይፈለጋሉ። ስለዚህም አዲስ ተማሮች በሚገቡበት ወራት፥ ከሩቅ ገጠር የደረሰውን የመቀበያ ደብዳቤ ብቻ ይዞ፥ ሳንቲም ሳይኖረው በታላቅ ትምህርት ቤት በር ላይ የቆመ ልጅ ወሬ በኬንያ ጋዜጦች በየዓመቱ ይነበባል። በመንደሩ በትከሻ ተሸክመውት የዘፈኑለት ልጅ ይኸው ነው። ዘፈኑ ከቤቱ እስከ አውቶቡስ መሳፈሪያው ድረስ አድርሶታል፤ ከዚያ ወዲያ ግን አላለፈም።

ይህን ለማቃለል የተደረጉ ሥራዎች አሉ። በ2003 የተቋቋመው የምርጫ ክልሎች ልማት ገንዘብ ከሚውልባቸው ጉዳዮች አንዱ ለችግረኛ ተማሮች ክፍያ መርዳት ነው። ኤኲቲ የተባለው ባንክም ከማስተርካርድ ፋውንዴሽን ጋር ሆኖ፥ በ2010 ከፍተኛ ውጤት ላመጡ የድኻ ልጆች ሙሉ ወጪ የሚችል «ዊንግስ ቱ ፍላይ» የሚባል ዕድል ከፈተ። የምርጫ ክልሉን ርዳታ ለማግኘት የሚሞላው ወረቀት በአካባቢው ሹም፥ በኬንያ ቺፍ በሚባለው፥ ተረጋግጦ ማኅተም ሊያርፍበት ይገባል። ጉዳዩ ለአገር አስተዳደር ሰዎች የሚከብደው እዚህ ላይ ነው። ሹሙ የሚያውቀውን ሰው ልጅ ችግረኛ ብሎ ቢጽፍለት፥ የአንድ እውነተኛ ችግረኛ ቦታ ተወሰደ ማለት ነው፤ ያ ልጅም ማን እንደ ወሰደበት ከቶ አያውቅም። ማኅተሙን ለማግኘት ሦስት ቀን የተመላለሰ ወዛደር ደግሞ የሦስት ቀን እንጀራውን ከፍሎበታል። በኢትዮጵያም የችግረኝነት ማስረጃ የሚጽፈው ቀበሌ ስለ ሆነ፥ ነገሩ ለየትኛውም የአገር አስተዳደር እንግዳ አይደለም።

የገንዘብ እጦት ስለ ዘጋው በር ሲነገር ከቶም ምቦያ የበለጠ ምስክር አይገኝም። ምቦያ በማንጉ በሚገኘው የካቶሊክ ሚሲዮን የወንዶች ትምህርት ቤት እየተማሩ ሳሉ፥ የሚከፈል ገንዘብ ስላጡ ትምህርቱን ለመቀጠል አልቻሉም፤ ወደ ናይሮቢ ወርደው በጤና ጥበቃ ተቆጣጣሪነት ሠለጠኑ። ኋላ የሠራተኛ ማኅበር መሪ ሆነው ስማቸው ሲገን፥ በአሜሪካ ለጋሾች ርዳታ፥ በመስከረም 1959 ሰማንያ አንድ ተማሮችን በአንድ አይሮፕላን ከናይሮቢ ወደ ኒውዮርክ ላኩ፤ በተከታዮቹ ዓመታትም ሌሎች ብዙዎች ተጓዙ። ለራሳቸው ያልተከፈተውን በር ለሌሎች ከፈቱ።

የኢትዮጵያም ድርሻ በዚህ ታሪክ ውስጥ የተመዘገበ ነው። በዚያው ዘመን ከልዩ ልዩ የአፍሪቃ አገሮች የመጡ ወጣቶች በነጻ የትምህርት ዕድል በአዲስ አበባ ይማሩ ነበር። ኋላ የኬንያ የውጭ ጉዳይ ሚኒስትር የሆኑት ሮበርት ኡኮ በአዲስ አበባ ተምረው በ1962 ዲግሪያቸውን ተቀበሉ። በ1990 ኡኮ በግፍ ተገድለው ሲገኙ፥ ሐዘኑ በኬንያ ብቻ አልቀረም።

አንድ ሌላ ነገር መነገር አለበት፤ የሚከበረው ውጤት እውነተኛ ካልሆነ በዓሉ ከንቱ ይሆናልና። በኬንያ የፈተና ውጤት በወጣ ቀን የፊተኞቹ ተማሮች ፎቶግራፍ በጋዜጣ፥ የትምህርት ቤቶቹም ተርታ በሰንጠረዥ ይታተም ነበር። ይህ ፉክክር ትጋትን እንዳሳደገ አይካድም፤ ነገር ግን ጥያቄዎችን አስቀድሞ መስረቅንም አሳደገ። በ2014 መንግሥት ትምህርት ቤቶችን በተርታ ማውጣትን ከለከለ። በ2015 የፈተናው መሰረቅ ስለ ከፋ፥ በተከታዩ ዓመት የፈተናው ቦርድ ተበትኖ ጥበቃው ጠበቀ። ከዚያ በፊት በነበረው ዓመት ከፍተኛውን ማዕርግ ያገኙት ከሁለት ሺህ በላይ ሲሆኑ፥ በ2016 የተገኙት 141 ብቻ ሆኑ። በኢትዮጵያም የ2014 ዓ.ም. (በኢትዮጵያ አቆጣጠር) የአሥራ ሁለተኛ ክፍል ተማሮች በዩኒቨርሲቲዎች ግቢ ተሰብስበው በጥብቅ ጥበቃ ሲፈተኑ፥ ግማሽና ከዚያ በላይ ያገኙት ከመቶ 3.3 ብቻ ነበሩ። ቁጥሩ ወላጆችን አስደንግጧል። ሆኖም ከዚያ ወዲያ ያለፈ ልጅ ወረቀቱን ሲያሳይ፥ አሠሪው ወረቀቱን ገልብጦ የሚጠራጠርበት ምክንያት አነሰ፤ ይህም ለልጁ ትንሽ ሀብት አይደለም።

የልጆቻቸውን ትምህርት በናይሮቢ ለሚያስቡ ወላጆች የሥርዓቱን መለወጥ ማወቅ ያስፈልጋል። ከ1985 ጀምሮ ልጆች ከአንደኛ ወደ ሁለተኛ ደረጃ ሲሻገሩበት የነበረው ብሔራዊ ፈተና በ2023 ለመጨረሻ ጊዜ ተሰጥቷል። በአዲሱ ሥርዓት ልጁ ስድስት ዓመት በአንደኛ ደረጃ፥ ሦስት ዓመት በመለስተኛ ሁለተኛ ደረጃ፥ ሦስት ዓመት ደግሞ በከፍተኛ ሁለተኛ ደረጃ ይማራል። ታላላቆቹ የወንዶች ትምህርት ቤቶች ልጆችን የሚቀበሉት ከእንግዲህ በአሥረኛው ክፍል ነው፤ የመጀመሪያዎቹም በጥር 2026 ገብተዋል። የትምህርቱ ዘርፍ ሦስት ነው፤ ሳይንስና ቴክኒክ፥ የኅብረተ ሰብ ትምህርት፥ እንዲሁም ኪነ ጥበብና ስፖርት። ልጁ የሚፈልገውን ዘርፍና ትምህርት ቤት አስቀድሞ ይመርጣል፤ የአዳሪው ክፍያ ግን እንደ ቀድሞው ከወላጅ ይጠበቃል፤ ለርዳታ የሚቀርበውም ወረቀት አሁንም በሹሙ ጠረጴዛ በኩል ያልፋል።