ገብስማ ላባ በ18 ቁጥር መንጠቆ

አገር ቤት በበዓል ዋዜማ አውራ ዶሮ ሲመረጥ «ቀዩ ይሻላል፣ ገብስማው ይሻላል» ይባላል። እዚህ በአሜሪካ ዋሽንግተን ግዛት፣ ቤልቪው ከተማ፣ ማታ ማታ ጠረጴዛዬ ላይ የምዘረጋቸው ላባዎችም ቀይና ገብስማ ናቸው። ከእነሱ የምሠራው ግን ትራውት ለሚባለው የቀዝቃዛ ወንዝ ዓሣ የሚሆን ሰው ሠራሽ ነፍሳት ነው። ውሃው ላይ ስለሚንሳፈፍ አጥማጆች «ደረቅ ዝንብ» ይሉታል።

ስሙ ዝንብ ይሁን እንጂ የቤት ዝንብ አይደለም። ብዙ ጊዜ የሚመሰለው ሜይፍላይ የተባለው ነፍሳት ነው። ሜይፍላይ አብዛኛውን ዕድሜውን ወንዝ ውስጥ በድንጋይ ሥር ያሳልፍና ቀኑ ሲደርስ ወደ ውሃው ገጽ ወጥቶ፣ ቆዳውን ገፎ ክንፍ ያወጣል። ከዚያ በኋላ የሚበላበት አፍ የለውም፤ አብዛኞቹም ከአንድ ሁለት ቀን በላይ አይቆዩም። በርሮ እስኪነሳ ድረስ ግን ጥቂት ጊዜ ውሃው ላይ ቆሞ ይፈስሳል። ትራውቱ የሚጠብቀው ያችን ጊዜ ነው።

የመንጠቆ ቁጥር ሲጨምር መንጠቆው ያንሳል። 18 ቁጥር ከስንዴ ፍሬ ብዙም አትበልጥም። የ22 ቁጥርማ ዓይኗ የጤፍ ፍሬ የምታሳልፍ አትመስልም።

ለጀማሪ የምመክረው አዳምስን ነው። ይህን ዝንብ እ.ኤ.አ. በ1922 ሚሺጋን ውስጥ ሌን ሃላዴይ ሠራውና መጀመሪያ በሞከረው ወዳጁ በቻርልስ አዳምስ ስም ጠራው። አንድን ነፍሳት ለይቶ አይመስልም፤ ብዙዎቹን ግን ይመስላል።

መንጠቆዋን ሞርሳ ላይ አጥብቄ ቀጭን ክር ከዓይኗ ትንሽ ራቅ ብዬ ወደ ኋላ እጠመጥማለሁ። ለጭራዋ ከቀይና ከገብስማ ላባ ጥቂት ቃጫ ይበቃል። ቀጥሎ መስክራት ከሚባለው የውሃ ዳር እንስሳ ግራጫ ፀጉር ቆንጥሬ፣ ሰም በነካው ክር ላይ በአውራ ጣትና በሌባ ጣት እፈትላለሁ። እናቱ ከባዘቶ ጥጥ እየሳበች ስትፈትል ያየ ሰው ይህን የእጅ ሥራ ያውቀዋል፤ ሲበዛ ይጎረብጣል፣ ሲያንስ ይበጠሳል። ሁለት የገብስማ ላባ ጫፎች ለክንፍ ቀጥ ብለው ይቆማሉ። በመጨረሻም ቀይና ገብስማ ላባ አንድ ላይ ታስረው በትንሽ መቆንጠጫ አንገቷ ላይ ይዞራሉ፤ ቃጫዎቹም እንደ ጃርት እሾህ ዙሪያውን ይነሳሉ።

ዝንቧን ውሃ ላይ የሚያቆማት ይህ ነው። የውሃ ገጽ ስስ ቆዳ እንዳለው ነገር ነው፤ ጠንካሮቹ የቃጫ ጫፎች ሳይበሱት ይቆሙበታል። የሴት ዶሮ ላባ ለዚህ አይሆንም፤ ይለሰልሳል፣ ውሃም ይጠጣል። የጀማሪ ሁሉ ስህተት ደግሞ ወደ ዓይኗ መጠጋት ነው፤ ላባውና ክሩ እዚያ ተከምረው ቀዳዳው ይደፈናል። እኔም በዚህ ምክንያት ብዙዎቹን በምላጭ ፈትቼ እንደገና ጀምሬያለሁ። ዓሣው የሚያየው ከታች ነውና ከጌጡ ይልቅ መጠኑና አቋሙ ይበልጣል። አንድ ዙር ሲጠራጠሩ መተው ይሻላል።

ከቤልቪው በአይ-90 አውራ ጎዳና የስኖኳልሚን የተራራ መተላለፊያ ተሻግሮ ክሊ ኤለም ከተማ ለመድረስ አንድ ሰዓት ተኩል አይፈጅም። እዚያ በሚያልፈው የያኪማ ወንዝ፣ በመጋቢትና በሚያዝያ ደመና ሲከብድ፣ ቤቲስ የተባሉት ትናንሽ ሜይፍላዮች ይወጣሉ። ያኔ ክንድ የሚሞላ ዓሣ ያችን የስንዴ ፍሬ የምታህል ነገር ለመንጠቅ አፍንጫውን ብቻ ብቅ ያደርጋል። በኢስተንና በሮዛ ግድቦች መካከል የተያዘ ትራውት ወደ ውሃው ይመለሳል፤ መንጠቆውም የጎን እሾህ የሌለው መሆን አለበት። ሕጉን እወደዋለሁ፤ ያ ወንዝ ዛሬም ዓሣ ያለው በዚህ ምክንያት ነው ብዬ አምናለሁ።

ትራውት ለአገራችንም እንግዳ አይደለም። እ.ኤ.አ. በ1960ዎቹ ከኬንያ መጥቶ በባሌ ተራሮች፣ በዲንሾ አካባቢ ወዳሉት ወደ ወይብና ዳንካ ወንዞች ገብቷል። ወይብ የሶፍ ዑመርን ዋሻ አቋርጦ የሚያልፈው ወንዝ ነው።

እዚህ ልጆች የምታሳድጉ ወላጆች ሆይ፣ አንድ ቅዳሜ ወደ ወንዙ ውሰዷቸው፤ ድንጋይ ገልብጠው ሥሩ ያለውን ይዩ። ለእናንተ የግዛቱ የዓሣ ማጥመጃ ፈቃድ ያስፈልጋችኋል። ዕድሜው 15 ዓመት ላልሞላ ልጅ ግን አያስፈልግም።